የአድማሴ ስም ሲጠራ

በቡሬና በወምበርማ አገር አንድ ሰው «ተምሬአለሁ» ሲል አስቀድሞ የሚጠየቀው ምን እንደ ተማረ ሳይሆን ከማን እንደ ተማረ ነበር። የመምህሩን ስም ይጠራል። የመምህሩ መምህርስ? እሱንም ይጠራል። የዚያስ? እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ ሲወስዱት አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ የተንተባተበ እንደ ሆነ፣ ምንም ያህል ቢያውቅ፣ «ይኸስ ከመንገድ የለቀመ ነው» ተብሎ ወንበር ይከለከላል። እኔ ይህን ልማድ ሳስበው ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ትዕቢት ይመስለኛል። ቢሆንም የየኔታ ገብረሰንበት ታሪክ ከዚሁ ልማድ የወጣ ስለ ሆነ፣ ወደድሁም ጠላሁም ከእሱ መጀመር አለብኝ።

የኔታ ገብረሰንበት ቡሬ ላይ ጉባኤ ዘርግተው መጻሕፍት የሚተረጉሙ መምህር ነበሩ። የተወለዱት ሽንዲ አጠገብ ነው። እናታቸው የአዊ ሰው ነበሩና በልጅነታቸው ሲናደዱ በአገውኛ፣ ሲለምኑ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት ይባላል። በሰባት ዓመታቸው ከቤት ወጡ። ንባብ ጨርሰው ዜማ ቤት ገቡ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የታገሷቸው መሪጌታ በመጨረሻ «ልጄ፣ ድምፅህ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው፤ እኔም አንተም እንረፍ» ብለው አሰናበቷቸው። ቅኔ ቤት አምስት ዓመት ቆዩ። ጎንደር ተሻግረው አራት ዓመት ትርጓሜ ሰሙ። ከዚያ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው በየኔታ አድማሴ እግር ሥር አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጡ። የዕድሜ እኩዮቻቸው በዚህ ጊዜ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ይጠብቁ ነበር። እሳቸው ግን ገና ጥያቄ መጠየቅ መጀመራቸው ነው።

የኔታ አድማሴ የሚታወቁት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ በመስጠት ነው። ተማሪው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት እንዲኖር እንጂ ቶሎ እንዲመልሰው አይደለም። ለአንዱ «ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው ወይስ የፍጡር ጥላ?» ብለው ሰጡት። ለሌላው «እንስሳ ያዝናል ወይስ የጎደለበትን ብቻ ይፈልጋል?» አሉት። ገብረሰንበት ግን ጥያቄያቸውን ራሳቸው ከመንገድ ይዘው መጡ። አንድ ጭቃ ሹም በአንድ ባላገር ላይ ጠመንጃ ደቅኖ «በሬው የእኔ አይደለም ብለህ ማል» ሲለው፣ ሰውየውም እያለቀሰ ሲምል አይተው ነበር።

«የኔታ፣ ይኸ ሰው ማለ ወይስ አስማሉት? ቃሉስ የማን ነው?» አሉ።

የኔታ አድማሴ «በል፣ ይኸውልህ ጥያቄህን አገኘህ» አሏቸው።

በዚህ ጥያቄ መምህርና ተማሪ አንድ ቀን እንኳ ተስማምተው አያውቁም። የኔታ አድማሴ «አንደበትህ ካንተ በቀር ባለቤት የለውም፤ ያስገደደህ በግፉ ይጠየቃል፣ የተናገርኸው ግን አንተ ነህ» ይላሉ። ገብረሰንበት «ኃይለኛ እጄን ጨብጦ ድንጋይ ቢያስወረውረኝ የወረወረው እሱ ነው፤ ምላስስ ከእጅ በምን ይለያል?» ይላሉ። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ሲባባሉ ይውሉና ሲደክማቸው ከአንድ ሞሰብ ይበላሉ። ገብረሰንበት ተመርቀው ቡሬ ወንበር ሲዘረጉ ይህንኑ ትምህርት ይዘው መጡ፤ በግድ የወጣ ቃል የተናጋሪው አይደለም ብለው ሃያ ዓመት አስተማሩ።

በአድማሴ ቤት ደግሞ አንድ ሥርዓት ነበር፤ በሌላ ቤት ስለ መኖሩ አልሰማሁም። የመምህር ስም ሲጠራ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይላል። ቢበላም፣ ቢታመምም ይነሣል። የመምህሩ መምህር ስም ሲጠራም እንዲሁ። ገብረሰንበት ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሲያደርጉት ኖረው ከአጥንታቸው ገብቶ ቀረ። አንድ ቀን ጅጋ ገበያ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጤፍ ሲያዩ አንዲት ሴት ባሏን «አድማሴ!» ብላ ብትጣራ የኔታ ዘለው ተነሡ። ነጋዴው ጊንጥ የነደፋቸው መስሎት ጆንያውን ሲያራግፍ ዋለ። ሚስታቸው ባንቺአየሁ ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር። እኔም የሰማሁት ከእሷው ነው፤ በስተርጅናዋ ደርሼባታለሁ።

ጣልያን ቡሬ ገብቶ ምሽግ ከሠራ በኋላ ባላገሩን በየአጥቢያው እየሰበሰበ ለመንግሥቱ ታማኝ እንዲሆን ያስምል ጀመር። ሰው ጨነቀው። ወደ ሊቃውንቱ ሄዶ «ምን እናድርግ?» አለ። የኔታ ገብረሰንበት «ማሉ፤ ጠመንጃ ተደቅኖ የተማለ መሐላ አያስርም» አሉ። የቡሬ ዙሪያ ሰው ማለ፣ ቤቱም ገባ። የኔታ አድማሴ በወምበርማ በኩል «አትማሉ፤ ከማላችሁ የማላችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። በዚያ በኩል ያለው አገር አልምልም ብሎ ጫካ ገባ። ሁለት ሰዎች ሞሰብ ከብበው ይከራከሩበት የነበረው ነገር እንዲህ ሆኖ የሰው አንገት ላይ አረፈ። ጣልያንም የትኛው መምህር እንደሚጎዳው ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። የኔታ አድማሴ ይፈለጉ ጀመር።

በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አርበኞች ከሽንዲ ወዲያ በቆላው አፋፍ ባለ ዋሻ ሸሸጓቸው። ቡሬ ውስጥ ዋሻውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የኔታ ገብረሰንበትና ባንቺአየሁ። ባንቺአየሁ በየሁለት ሳምንቱ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ መስላ በሶና ሽሮ ታደርስላቸው ነበር።

ለጣልያኑ ሹም የሚያስተረጉመው ታከለ የሚባል ሰው ነው። በልጅነቱ አንድ ዓመት በአድማሴ ቤት ተቀምጦ ትቶ የወጣ ነው። ብዙ ትምህርት አላገኘም፤ ሥርዓቱን ግን አይቷል። ያየውንም ለክፉ አዋለው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው፣ ያኔ ግን ውጀት በሚባለው አገር የቤተ ክህነት መምህራንን «ልንመዘግባችሁ ነው» ብሎ ሰበሰበ፤ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ የሊቃውንት ስም ዝርዝር ማንበብ ጀመረ። የአድማሴ ስም ሲደርስ መምህር ክንዱ የሚባሉ ሰው ሳያስቡት ብድግ አሉ። አድማሴ ያሉበትን ተጠየቁ። አያውቁም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰቀሏቸው።

ወሬውን አንድ ቄስ ከውጀት ይዞ ቡሬ ሲደርስ የኔታ ገብረሰንበት ምግብ እንቢ አላቸው። ነገ ከነገ ወዲያ ቡሬ ላይም ስብሰባ መኖሩ አይቀርም። ክንዱ አላውቅም ያሉት በእውነት ስለማያውቁ ነው። እሳቸው ግን ያውቃሉ።

«ከተነሣሁ ይገርፉኛል» አሉ ለባንቺአየሁ። «ከገረፉኝ ደግሞ…»

«አይነሡማ!» አለች።

«መቼ እኔ እነሣለሁ፤ እግሬ ነው እንጂ የሚነሣው።»

«እንግዲያስ እግርዎን እናስተምረዋ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔታ ገብረሰንበት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው መቀመጥ ተማሩ። ባንቺአየሁ እህል እየለቀመች፣ በር እየጠረገች፣ ድንገት «አድማሴ!» ትላለች። እሳቸው ከመደቡ ላይ ይነሣሉ። «ተነሡ!» ትላለች። «አዎን፣ ተነሣሁ» ይላሉ አፍረው። ምሳ እየበሉ ትጠራባቸዋለች፤ ወጡ ልብሳቸው ላይ ይገለበጣል። አንድ ቀን ተኝተው ሳለ በጆሯቸው ብትጠራባቸው ከእንቅልፍ ሳይነቁ ቆመው ተገኙ። መጀመሪያ ሁለቱም ይስቁ ነበር። በአምስተኛው ቀን መሳቁን ተዉት። በሰባተኛው ቀን ጉልበታቸው ብቻ ተነቃነቀ። በአሥረኛው ቀን ባንቺአየሁ ሦስት ጊዜ ጠራች፤ የኔታ እንደ ተቀመጡ ቀሩ።

«ጎሽ! አገኙት!» አለች።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።

ባንቺአየሁ ስም ስትጠራ ተማሪያቸው እንዳለው እንዳይሰማ የኔታ ሁልጊዜ ሰበብ እየፈለጉ ወደ ሩቅ ይልኩት ነበር። እንዳለው የጅጋ ሰው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው፣ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ትልቁና ስድስት ዓመት ከሥራቸው ያልተለየ ነው። ወንበራቸውን ይወርሳል ተብሎ የታሰበውም እሱ ነበር። የየኔታ አድማሴን መልክ አይቶ አያውቅም። ስማቸው በተጠራ ቁጥር ግን የመምህሩን አርአያ ተከትሎ ይነሣል። የኔታ የመምህራቸው ስም ሲጠራ መቀመጥ እንደሚለማመዱ ለዚህ ተማሪ መንገር ሞት ሆነባቸው። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እናደድባቸዋለሁ። ይኸን ሁሉ መጽሐፍ የተረጎመ ሰው አንዲት ቃል ለተማሪው መናገር አቃተው። ግን የእኛ አገር መምህር እንዲህ ነው፤ ቢራብ፣ ቢታረዝ ለተማሪው አይደብቅም፣ ያፈረበትን ግን ይደብቃል።

የተፈራው አልቀረም። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ጧት አንድ ባንዳ በር ላይ ቆሞ «መምህራን ሁሉ ወደ ምሽግ! እያንዳንዱ ከተማሪዎቹ ትልቁን ይዞ ይምጣ!» ብሎ ሄደ።

የኔታ ተማሪ ይዞ መምጣቱን አልጠበቁም ነበር። ከቤታቸው እስከ ምሽጉ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ቢሆንም አንድ ነገር ለመናገር ይበቃል። የኔታ ፊት፣ እንዳለው ኋላ ሆነው ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። አንዴ «እንዳለው» አሉ። «አቤት የኔታ።» «…ጋቢህን ሰብስብ፣ ጭቃ እየነካው ነው።» ሌላ ጊዜ ቆመው ዞሩ። ተማሪው ወደ መሬት አጎንብሶ የሚሉትን ጠበቀ። «ምንም አይዶለም፣ እንሂድ» አሉት። ከዚያ በሩ ደረሰ።

በግቢው ውስጥ ሃያ ሦስት መምህራን ነበሩ። ለእያንዳንዱ መቀመጫ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደልድሎ ነበር። የጣልያኑ ሹም ከሸራ ድንኳን ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል፤ ባንቺአየሁም ከመካከላቸው ናት። ታከለ ወረቀት ይዞ ወጣና ፈገግ ብሎ «አባቶቼ፣ እባካችሁ ተቀመጡ፤ ተማሪዎችም ከመምህሮቻችሁ ኋላ ተቀመጡ» አለ። ሁሉም ተቀመጠ። ከሃያ ሦስቱ ቢያንስ ስድስቱ ገብረሰንበት የማን ተማሪ እንደ ሆኑ ያውቃሉ። አንዳቸውም ወደ እሳቸው አላዩም።

ታከለ ማንበብ ጀመረ። የሞቱትንም ያሉትንም ሊቃውንት ስም እየቀላቀለ፣ በየስሙ መካከል እየቆየ ያነብባል። ዓይኑ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ የሰዉን ጉልበት ነበር የሚያየው። ስድስት ስም ጠራ፣ ሰባት፣ ስምንት። የኔታ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነዋል። ታከለ ዘጠነኛውን ጠራ። ከአጥሩ ውጭ የባንቺአየሁ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር።

«የኔታ አድማሴ» አለ ታከለ።

የየኔታ ገብረሰንበት ጉልበት ከእጃቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። አልተነሡም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ። ታከለ በመጀመሪያው ረድፍ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ማንም የለም። የኔታ «አለፈ» ብለው አሰቡ። ያኔ ከኋላቸው ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰሙ።

እንዳለው ቆሟል።

ራሳቸው ኋላ ሲናገሩት፣ በሕይወታቸው እንደዚያች ቅጽበት የጠሉት ነገር የለም። ተማሪው ጋቢውን አደግድጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ እሳቸው እንዳስተማሩት ነው የቆመው።

«አንተ፣ ለምን ተነሣህ?» አለ ታከለ።

እንዳለው ቀና ብሎ ከፊቱ ያሉትን የኔታ አየ። ተቀምጠዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ይህን ስም ሲሰሙ ተቀምጠው አያውቁም። እንዳለው ብልህ ሰው ነው፤ የሆነው ሁሉ እዚያው ላይ ገባው።

«የመምህሬ ስም ተጠርቶ ነው» አለ።

«መምህርህ አድማሴ ነው?»

«አዎን።»

«እኒህ ከፊትህ ያሉትስ?»

«እሳቸው ዘንድ አደርሁ እንጂ አልተማርሁም። ጥሬ ይሰጡኛል። ፊደል እንኳ አልቆጠርሁባቸውም።»

መምህሩን በአደባባይ የካደ ሰው በዚያ አገር ወንበር አያገኝም፤ የተማረው ሁሉ እንዳልተማረ ይቆጠርበታል። ይህን ከእንዳለው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። የስድስት ዓመት ድካሙን በሁለት ቃል ጣለው። የጣለውም የኔታ ገብረሰንበትን ለማዳን ነው።

ታከለ ለሹሙ ተረጎመለት። ሁለት ወታደሮች እንዳለውን ከፊት አወጡትና አንበረከኩት። «አድማሴ የት ነው?» «አላውቅም።» በጠመንጃ ሰደፍ ጀርባውን መቱት። «የት ነው?» «አላውቅም።»

በእውነት አያውቅም። የኔታ ገብረሰንበት በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ ራሳቸው ሲያፍሩበት ኖረዋል፣ ግን አልደበቁትም። እንዳለው የማያውቀውን ሊናገር አይችልም። እንደ ክንዱ በሦስተኛው ቀን ይሰቅሉታል። የኔታ አድማሴ ይድናሉ፣ እሳቸውም ይድናሉ፣ አንድ ሰው ብቻ ይሞታል። ከተነሡ ግን ሚስጥሩን የሚያውቅ ሰው በጣልያን እጅ ይገባል። ሃያ ዓመት ሙሉ በግድ የወጣ ቃል የተናጋሪው አይደለም ሲሉ ኖረዋል። የማንም ይሁን፣ ያ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ሽማግሌውን ከዋሻ አስወጥቶ ይሰቅላል። መቀመጡ ትክክል ነበር። ማንም የሒሳብ ሰው ቢጠየቅ ተቀመጡ ይላቸው ነበር።

እንዳለውን ለሦስተኛ ጊዜ መቱት፤ በአፉ መሬት ላይ ወደቀ።

የኔታ ገብረሰንበት ተነሡ። ማንም ስም አልጠራም።

«ልቀቁት» አሉ። «ይዋሻል። ስድስት ዓመት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። የየኔታ አድማሴ ተማሪ እኔ ነኝ። እሱ ምንም አያውቅም።»

«እርስዎስ ያውቃሉ?» አለ ታከለ ቶሎ ብሎ።

የኔታ የወደቀውን ተማሪ ሊያነሡ ጎነበሱ። ለታከለ ይኸው በቃው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሲያስሯቸው ዓይናቸውን ወደ አጥሩ ወረወሩ፤ ባንቺአየሁን ለመጨረሻ ጊዜ ማየት ፈለጉ። ያዩት ጀርባዋን ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች፣ በወምበርማ መንገድ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረችም። የት እንደምትሄድ ገብቷቸዋል፤ ግን ከፋቸው። ከአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር በኋላ አንድ ጊዜ ዞር ብትል ምን ነበር ብለው ከፋቸው።

ከቡሬ እስከ ዋሻው ለፈጣን ሰው አንድ ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ ነው። ነገ ጧት ትደርሳለች፤ ሽማግሌውን አስነሥቶ ለማራቅ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የኔታ ገብረሰንበት እስከ ነገ ማታ ዝም ማለት አለባቸው። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ቢናገሩ ግድ የለም። አንዲት ቀን ተኩል። ይህን አስበው ገቡ።

ቀንዋንም አልቆዩም። ፀሐይ ሳትገባ ተናገሩ።

ምን እንዳደረጓቸው አልዘረዝርም፤ እሳቸውም አይዘረዝሩትም ነበር። ኋላ በወንበራቸው ላይ ሆነው ተማሪ ሲጠይቃቸው የሚሉት ይኸን ብቻ ነው፦ «የውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ ጥቂት ቻልሁ። ከዚያ ዋሻው የት እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ዋርካ እንደሚታጠፍ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ያልጠየቁኝንም ጨመርሁላቸው።»

ሰው ይህን ሲሰማ ያፍራል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አፍሬ ነበር። አሁን አላፍርም።

በማግሥቱ ማለዳ ሃያ ባንዳ በበቅሎ ተነሣ። ወደ ወምበርማ የሚያሻግረው ወንዝ ላይ ሲደርሱ ውሃው ከዳሩ በላይ ወጥቶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ባንቺአየሁ የተሻገረችው ዋዜማውን ከቀትር በኋላ ነው፤ ያኔ ውሃው ወገቧ ድረስ ነበር። እሷ ከተሻገረች በኋላ ደጋው ላይ ዘነበ። ባንዶቹ ሁለት ቀን ከወንዙ ዳር ተቀምጠው ውሃ ሲያዩ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ዋሻው ሲደርሱ ያገኙት ቀዝቃዛ አመድና አንድ የተሰበረ ቅል ነው።

እንዳለውን ገርፈው ለቀቁት። የኔታን ደብረ ማርቆስ ወስደው አሰሯቸው። ከሠላሳ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ እስከ ሠላሳ ሦስት ሚያዝያ እዚያ ነበሩ። የባንዶቹን ወንዝ ዳር መቀመጥ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። የሚያውቁት መናገራቸውን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጣልያን ወጥቶ ሲፈቱ፣ መምህሬን ገድዬ ወጣሁ ብለው ነበር የወጡት።

ቡሬ ሲደርሱ ጉባኤው አልተበተነም። እንዳለው ይጠብቅላቸው ኖሯል። ከሃያ ሦስቱ መምህራን በሕይወት የቀሩት ተሰብስበው «ያን ቀን የካደው ለመምህሩ ነው» ብለው ስለ መሰከሩለት ወንበር አልተከለከለም። ባንቺአየሁ እግራቸውን አጥባ «የኔታ አድማሴ ደኅና ናቸው፤ ሽንዲ ተመልሰዋል» ስትላቸው የኔታ ገብረሰንበት አላመኑም። ወንዙን ነገረቻቸው። ሲያምኑ ደግሞ ባሰባቸው። ያዳናቸው ዝናብ እንጂ የእሳቸው ዝምታ አልነበረማ! በሳምንቱ በማይረግጥ እግራቸው፣ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸው፣ ሽንዲ ሄዱ።

የኔታ አድማሴ ዓይናቸው ፈዝዟል። ገብረሰንበት ገብተው ሰላምታ ሳይሰጡ ከእግራቸው ሥር ወደቁ።

«የኔታ፣ ተናግሬብዎታለሁ። ፀሐይ እንኳ ሳትገባ።»

«ዐውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው።

«ከማን ሰሙ?»

«ከሚስትህ።»

«እሷማ ያኔ ከመንገድ ላይ ናት፤ በምን ታውቃለች?»

«ጧት ደረሰች። ውኃ ብሰጣት አልጠጣችም፤ ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም። ‹አባቴ፣ አሁኑኑ ይውጡ፤ ባሌን አውቀዋለሁ፣ ግርፊያ አይችልም፤ ይኸን ጊዜ ተናግሯል› አለችኝ። አንተ የሰጠሃት ቀን ተኩል ነበር መሰለኝ። እሷ የሰጠችህ እስከ ማታ ነው።»

የኔታ ገብረሰንበት ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

«አንተስ፣ ግርፊያ እንደማትችል ታውቅ ነበር?» አሏቸው ሽማግሌው።

«ዐውቅ ነበር።»

«እያወቅህ ነው የተነሣኸው?»

«እያወቅሁ ነው። ልጁን በፊቴ ሲገድሉት ማየት አልቻልሁም። አለንጋው የእነሱ ነበር፣ የኔታ፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። የተናገርሁት እኔ ነኝ።»

የኔታ አድማሴ ክርክሩን ማሸነፋቸውን አላነሡም። እጃቸውን ዘርግተው የገብረሰንበትን ራስ ዳበሱና «ብላ፣ ርቦሃል» ብቻ አሏቸው።

ሦስት ቀን ሰንብተው ወደ ቡሬ ሲመለሱ ባንቺአየሁ ደጅ ላይ ስንዴ ትለቅማለች። የኔታ ከፊቷ ቆሙ።

«‹ባሌ ግርፊያ አይችልም› ብለሻል?»

ባንቺአየሁ ከሰፌዱ ላይ ቀና አላለችም። «ዋሸሁ እንዴ?»

«አልዋሸሽም።»

«ዛዲያ!» አለች፤ ሰፌዱን ግን አስቀመጠችው። «ዞሬ ባይዎት ኖሮ እዚያው እቀር ነበር።»